ክረምት ሳይገባ፦ ቤተ ክርስቲያንንና መኖሪያ ቤትን ከዝናብና ከሌባ ስለ መጠበቅ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል። ለጣሪያና ለግድግዳ ግን ክረምት የሚገባው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። በሰኔ መጀመሪያ የሚወርደው ኃይለኛ ዝናብ በበጋ ፀሐይ የላላውን ምስማር፣ በቅጠል የተደፈነውን አሸንዳ፣ ምስጥ የበላውን መቃን እየፈለገ ይገባል። በሐምሌ ውኃው በቅኔ ማኅሌቱ ምንጣፍ ላይ ሲንጠባጠብ ስናይ ጉዳቱ የዚያን ዕለት የደረሰ ይመስለናል፤ ነገር ግን በግንቦት ሳይሠራ የቀረ ሥራ ነው። በዝናብ መካከል የረጠበ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ለሰው ሕይወት አስጊ ስለሆነ በሐምሌ የሚቀረን ምርጫ ባልዲ መደቀን ብቻ ይሆናል።

ብዙ የሰበካ ጉባኤያት የዝናብን ጉዳት ለግንበኛ፣ ስርቆትን ደግሞ ለዘበኛ ትተው ሁለቱን እንደማይገናኙ ጉዳዮች ይመለከታሉ። በክረምት ግን ሁለቱ በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ። ውኃ ያበሰበሰው መቃን የጓጉንቸሩን መያዣ ብሎን አጥብቆ አይይዝም። እርጥበት ያሳበጠው የእንጨት መስኮት አልገጥም ስለሚል ሳይቀረቀር ያድራል። ጎርፍ የሸረሸረው የአጥር ግንብ አንድ ሌሊት ከተናደ እስከ መስከረም ድረስ በእሾህ ተደፍኖ ይከርማል። ዝናቡ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ የመጋዝ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጉዳትንና ስርቆትን በአንድነት ይመለከታል፤ ሰበካ ጉባኤውም ሁለቱን በአንድ ዙር ጉብኝት እንዲመረምር ይጠይቃል።

ጉብኝቱ በግንቦት ቢደረግ መልካም ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ወኪላቸው፣ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ ከምእመናን መካከል አናጢነትን ወይም ግንበኝነትን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ወጣትና ዘበኛው አብረው ይዙሩ። ዘበኛውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ውኃው በየት በኩል እንደሚፈስ፣ የትኛው በር እንደማይገጥም፣ ውሻ በየትኛው የአጥር ቀዳዳ እንደሚገባ ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም። በእጃቸው አንድ ደብተር ይኑር፤ በአንድ ዓምድ የተገኘው ጉድለት፣ በሁለተኛው የሚሠራው ሰው ስም፣ በሦስተኛው የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። ስምና ቀን ያልተጻፈለት ጉድለት በቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል እንጂ አይጠገንም። ለቀኑ መጨረሻ ሰኔ 12፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ጥሩ ወሰን ነው፤ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ከዚያ በኋላም ዝናቡ ጣሪያ ላይ አያሠራም። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅቱን ትንበያ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ስለሚያወጣ፣ ጸሐፊው ይህንኑ ተከታትሎ ለጉባኤው ቢያሰማ የሥራውን ቅደም ተከተል ለመወሰን ይረዳል።

የውኃው መጠንና መንገዱ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ የካህን መኖሪያ ቤት ጣሪያ 80 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ይህም በሐምሌና በነሐሴ በደጋው አገር የሚያስገርም አይደለም፣ ከዚያ ጣሪያ 2,400 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል አሥራ ሁለት ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። የጣሪያው ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር 20 ሜትር የሆነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ በዚያው ዝናብ የሚወርደው ከ9,000 ሊትር ይበልጣል። ይህ ሁሉ ውኃ መውረጃ ካልተዘጋጀለት የሚያርፈው በግድግዳው እግር ላይ ነው።

ከላይ እንጀምር። በክብ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚያስገባው ጉልላቱ ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ ነው። ንፋስ ጉልላቱን በየጊዜው ስለሚያወዛውዘው መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ይከፈታል። በዚያ የሚገባው ጥቂት ውኃ በወራጁ ላይ ተንሸራትቶ ከገባበት ርቆ ስለሚንጠባጠብ፣ ሰዎች የሚንጠባጠብበትን ቦታ በሬንጅ ሲደፍኑ ይውላሉ፤ ውኃው ግን መግባቱን አያቆምም። ስለዚህ እርጥበት ሲታይ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ የውኃውን ዱካ በእንጨቱ ላይ ወደ ላይ መከተል ያስፈልጋል። ቀጥሎ ምስማሮቹ ይታዩ። ቆርቆሮ በቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ምስማሩን ያላላል፤ በራሱ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። የላላውን ምስማር በመዶሻ መልሶ መምታት ለአንድ ወር ይረዳ ይሆናል፤ ነቅሎ አዲስ ጎማ ያለው ረዘም ያለ ምስማር መምታት ግን ለዓመታት ያገለግላል።

አሸንዳው ከቅጠልና ከወፍ ጎጆ ይጽዳ፤ አንድ ባልዲ ውኃ በአንደኛው ጫፍ ተደፍቶ በመውረጃው በኩል መውጣቱ ይረጋገጥ። በዚህ ላይ የዛፍ ጉዳይ ይነሣል። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የጽድ ወይም የወይራ ቅርንጫፍ በማዕበል ጊዜ ተሰብሮ ቆርቆሮውን ሊበሳ ስለሚችል ቅርንጫፉ አስቀድሞ ይቆረጥ። ዛፉን ከነግንዱ ለመቁረጥ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። የገዳማቱና የአድባራቱ ደን አፈሩን ይዞ የሚያቆየው ሥሩ ነው፤ ዛፉ በተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎርፉ ራሱ ወደ ቅጥሩ ይመጣል።

ከታች ደግሞ ከታዛው ጫፍ ሥር ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር፤ በግድግዳውና በቦዩ መካከል ያለው መሬትም ወደ ውጭ ያዘንብል። በየአንድ ሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውኃው አይቆምም። የቦዩ ውኃ የሚሄድበት ስፍራ ከመቃብር፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከጎረቤት ቤት የራቀ መሆኑ አስቀድሞ ይታሰብ፤ የራስን ውኃ ወደ ጎረቤት ግድግዳ መልቀቅ በየክረምቱ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጠብ ነው። በርሜል ወይም ገንዳ መግዛት የሚችል አጥቢያ ውኃውን አጠራቅሞ ለልብስና ለችግኝ ቢጠቀምበት ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ። ገንዳው ሞልቶ በግድግዳው ሥር እንዳይፈስ ግን መተንፈሻ ቱቦው ከቤቱ ራቅ ብሎ ይውጣ።

በግድግዳ ነገር አንድ የተስፋፋ ልማድ መታረም አለበት። የጭቃ ግድግዳ ሲፈራርስ ብዙ ኮሚቴዎች ገንዘብ አሰባስበው በሲሚንቶ ያስለስኑታል። ሲሚንቶው ጠንካራና ደረቅ ነው፤ ጭቃው ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ስለዚህ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ በልስኑና በጭቃው መካከል ይቀመጣል። ከውጭ ነጭና ያማረ መስሎ የሚታየው ግድግዳ ከውስጥ እየበሰበሰ ቆይቶ አንድ ቀን በቁሙ ይወርዳል። ጭድ በደንብ የተብላላበት ምርጊት፣ ከላዩም በኖራ የተቀባ፣ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ መታደስ ቢኖርበትም ግድግዳው እንዲተነፍስ ያደርጋል። ለሲሚንቶ የተሰበሰበው ገንዘብ ታዛውን በግማሽ ሜትር ለማስረዘምና የግድግዳውን እግር በድንጋይ ለመገንባት ቢውል የተሻለ ጥቅም ይሰጣል።

ቦታው በራሱ አደገኛ የሆነበትም አጋጣሚ አለ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ሲወስድ፣ ውኃው የመጣው በላይ በኩል ካሉት ተራሮች ነበር፤ የከተማው ሰው በተኛበት ደረሰ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የተናደው መሬት ደግሞ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ጭምር ቀበረ። በደረቅ ወንዝ ዳር ወይም በቀጥ ያለ ተዳፋት ሥር ቤት ያላቸውን ምእመናን ካህናቱ በስም ያውቋቸዋል። በተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ከታየ ቤተሰቡ የሚያድርበት ሌላ ስፍራ በዚያው ዕለት ይፈለግለት፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለዚህ ክፍት ይሁን።

ዕቃ ቤቱና ብራናዎቹ

በብዙ አጥቢያዎች ዕቃ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ያነሰ ጥንቃቄ የሚደረግለት ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፣ ወለሉ አፈር ነው፣ በሩ በበዓል ብቻ ይከፈታል። ለሌባ የማይመች ሆኖ የተሠራው ክፍል ለሻጋታ እጅግ ምቹ ይሆናል። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ቀለሙም ከተቃራኒው ገጽ ጋር ይጣበቃል። በውኃ የረሰረሰ ገድል ወይም ድርሳን እንደ ወረቀት መጽሐፍ በቀላሉ ደርቆ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም።

መጻሕፍቱ ወለል ላይ፣ ከግድግዳም ጋር ተጣብቀው አይቀመጡ። ከመሬት ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ያለ፣ ከግድግዳው አንድ መዳፍ የራቀ መደርደሪያ ይበቃል፤ እግሮቹ በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ላይ ቢያርፉ ምስጥ በቀላሉ አይወጣም። ብዙዎች ለጥንቃቄ ብለው መጻሕፍቱን በፕላስቲክ ይጠቀልላሉ፤ ይህ እርጥበቱን ከውስጥ ቆልፎ ስለሚያስቀር ጉዳቱ ይብሳል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና የራሳቸው ማኅደር ይበቃቸዋል። ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታ ካስፈራ ፕላስቲኩ በመጻሕፍቱ ላይ ሳይሆን በመደርደሪያው አናት ላይ፣ አየር እንዲያልፍ ከፍ ተደርጎ ይዘርጋ።

በክረምቱ ውስጥ ዝናብ ባቆመበትና ነፋስ ባለበት ቀን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በሩ ይከፈት፤ የከፈተውም ሰው እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ አይለይ። የረጠበ መጽሐፍ ከተገኘ በፀሐይ ላይ ወይም በእሳት አጠገብ አይቀመጥ፤ ብራናው ይኮማተራል፣ ሥዕሉም ይረግፋል። በጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ ቅጠሎቹ ሳይጎተቱ በቀስታ ተከፋፍተው ይድረቁ። የተጣበቀ ቅጠልን በግድ ማላቀቅ አይገባም፤ ለባለሙያ መተው ይሻላል። ካባና ጥላ ተጣጥፈው ከሚከርሙ ተንጠልጥለው ቢቆዩ ይበጃል፤ የከበሮ ቆዳም እርጥበት ላልቶ ድምፁን እንዳያጠፋው ከወለል ከፍ ይበል። በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉ ሥዕሎች ጀርባቸው ሲረጥብ እንደ ፊኛ ይነፋሉ፤ ያን ጊዜ በእጅ መጫን ወይም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ቀለሙን ያነሣዋል፤ መጀመሪያ የሚስተካከለው ከላይ ያለው ጣሪያ ነው።

መብረቅ፣ ኤሌክትሪክና ከሰል

አብያተ ክርስቲያናት በኮረብታ ላይ፣ በትልልቅ ዛፎች መካከል፣ አናታቸው ላይ ብረት ይዘው ስለሚቆሙ ለመብረቅ የተጋለጡ ናቸው። የመብረቅ መከላከያ ዘንግ የሚጠቅመው በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከእርጥብ መሬት ጋር በጥልቀት ሲያያዝ ነው። ሽቦው ተሰርቆ ወይም ተቆርጦ ከሆነ ዘንጉ ከለላ መሆኑ ቀርቶ አደጋ ይሆናል፤ የመዳብ ሽቦ ደግሞ ስለሚሸጥ ሌባ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ በጉብኝቱ ይህ ይታይ። ብልጭታው ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከዛፍ ሥር መጠለል፣ የደወሉን ሰንሰለት መያዝ፣ ጣሪያ ላይ መውጣት ይቅር።

የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ሳጥን ውኃ እንደማያገኘው፣ የተላጠ ሽቦም በቆርቆሮው ላይ እንደማያልፍ በባለሙያ ይረጋገጥ። በዘበኛ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰል አንድዶ በሩን ዘግቶ መተኛት በየክረምቱ ሰው ይገድላል። ጭሱ ስለማይታይና ስለማይሸት ተኝቶ ያለ ሰው አይነቃም። ማንደጃው ከመተኛት በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።

ሌሊቱና ዘበኛው

በአጥቢያዎቻችን ዘበኛ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ አባቶች ናቸው። ኮሚቴው ስርቆት በሰማ ቁጥር ሁለት አዳዲስ ጓጉንቸሮች ይገዛል፤ ለዘበኛው ግን ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ መግዛቱን አያስብም። የዝናብ ልብስ የሌለው ዘበኛ በዝናብ ሌሊት ከጎጆው አይወጣም፤ ሌባውም ይህን ያውቃል። የዝናብ ልብስ፣ ጥሩ ባትሪ፣ ፊሽካና በጎጆው ውስጥ የሚደርቅ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከአንድ ጓጉንቸር የበለጠ ዋጋ አላቸው። ዘበኛው ብቻውን ከሆነ ወይም ከታመመ በማን እንደሚተካ አስቀድሞ ይወሰን። ፊሽካው ሲነፋ ከጎረቤት ማን እንደሚወጣ ካልታወቀ ፊሽካው ለጌጥ ነው፤ ስለዚህ በቅጥሩ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ሦስት ወይም አራት አባወራዎች በስም ይነገራቸው።

በሩ ሲታይ ቁልፉን ብቻ መመልከት አይገባም። ብዙ ዕቃ ቤት የሚከፈተው ጓጉንቸሩ ሳይነካ ነው፤ የመያዣው ብረት በውጭ በኩል በብሎን የታሰረ ስለሆነ በካቻቪቴ ይፈታል፣ ወይም ማጠፊያዎቹ ከበሰበሰው መቃን ይነቀላሉ። ብሎኑ በሩን በስቶ በውስጥ በኩል እንዲታሰር ወይም በብየዳ እንዲያዝ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። የጣሪያው ቆርቆሮም በር መሆኑ አይዘንጋ፤ በዕቃ ቤቱ ኮርኒስ ላይ የብረት ፍርግርግ ቢዘረጋ ቆርቆሮውን የገለጠ ሰው ወደ ውስጥ አይወርድም። በግቢው የተጋደመ መሰላል ሌሊት ተቆልፎበት ይደር።

በአንዳንድ አድባራት ዕቃ ቤቱ በሦስት ቁልፍ ይዘጋል፤ ሦስቱም በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ይቀመጣሉ። ይህ ልማድ ባለበት ይጠበቅ፣ በሌለበትም ይጀመር። አንድ ሰው ብቻውን ቁልፍ ሲይዝ ስርቆት ቢፈጸም ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንኳ ዕድሜ ልኩን ይጠረጠራል፤ ሦስቱ ቁልፎች ከንብረቱ ባልተናነሰ የአገልጋዩን ስም ይጠብቃሉ። ሙዳየ ምጽዋቱም በየሳምንቱ ይቆጠር፤ እስከ ወር መጨረሻ ሞልቶ የሚከርም ሳጥን ሌባን ይጠራል።

ጾመ ፍልሰታ የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ቅጥሩ ሱባኤ በገቡ ሰዎች ይሞላል፤ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ የሚያውቅ የለም። እንግዳ መቀበል ግዴታችን ነው፤ ስሙን፣ የመጣበትን አጥቢያና የሚያድርበትን ስፍራ መመዝገብ ደግሞ መቀበሉን አይቀንሰውም። በዚያው ሁለት ሳምንት የምእመናኑ ቤት ባዶ ሆኖ ይውላል። ቤተሰቡ ሁሉ ለቅዳሴ ሲወጣ በአንድ መንደር ያሉ ጎረቤቶች ተራ ገብተው አንድ ሰው ቢያስቀሩ፣ ይህንንም እድሩ ቢያስተባብረው ይቻላል። እድር ለቀብር በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የሚተክል ማኅበር ነው፤ ተራ ማውጣት አይከብደውም። ካህኑ ይህን ከነሐሴ በፊት፣ በሐምሌ መጨረሻ እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ ቢያስታውስ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ባሕር መዝገቡ

በር የሚሰበረው አንድ ሌሊት ነው፤ ንብረቱን የመመለሱ ሥራ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ የሚሳካውም ንብረቱ የማን መሆኑን ማሳየት ሲቻል ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጅየም ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ተመልሷል። መልኩ በሥዕልና በፎቶግራፍ የታወቀ መስቀል ነበረ። ስማቸው ያልተጠራ፣ ሥዕላቸው ያልተነሣ የገጠር አጥቢያ መስቀሎች ግን በገበያ ቢታዩ እንኳ የእኛ ናቸው ብሎ የሚያስረዳ ሰነድ አይኖርም። ባሕር መዝገቡ ላይ «አንድ የነሐስ መስቀል፣ አንድ ገድል» ተብሎ ከተጻፈ ያ ጽሑፍ በሺህ ለሚቆጠሩ መስቀሎችና ገድሎች ይሆናል።

ስለዚህ ከክረምት በፊት እያንዳንዱ የመጾር መስቀል፣ የእጅ መስቀል፣ ጽናጽል፣ ሥዕልና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የአንድ ሰንበት ተማሪ ስልክ ለዚህ ይበቃል። ለካህናት ብቻ የተተወው ቅዱስ ነገር በዚህ አይገባም፤ የእርሱ ጥበቃ በአባቶች ሥርዓት ይፈጸማል። ለመጽሐፍ ሽፋኑ፣ የመጀመሪያው ቅጠል፣ ሥዕል ያለበት ገጽ፣ የመጨረሻው ቅጠልና በኅዳጉ የተጻፈ የስጦታ ወይም የርስት ማስታወሻ ሁሉ ይነሣ፤ ቁመቱና ወርዱ በሳንቲ ሜትር፣ የቅጠሉ ብዛት በቁጥር ይጻፍ። ጉድለቱ በልዩ ጥንቃቄ ይመዝገብ፦ የተሰፋ ቀዳዳ፣ የሰም ጠብታ፣ አይጥ የበላው ጥግ። ሌባ የባለቤቱን ስም ሊፍቀው ይችላል፤ በብራናው ላይ ያለውን የጥንት ስፌት ግን ለማጥፋት ይቸገራል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮ ፊልም ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተቀድተዋል፤ የአጥቢያችሁ መጻሕፍት በዚያ ጊዜ ተነሥተው እንደሆነ አረጋውያኑ ያስታውሱ ይሆናል፤ ያ መረጃ በባሕር መዝገቡ ይስፈር።

የመዝገቡና የፎቶግራፉ ቅጂ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። አንዱ ለወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱ ለሀገረ ስብከቱ ይላክ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው ወይም ተቋም ሊፈጽማቸው የሚገቡ ግዴታዎችን ስለሚዘረዝር ኮሚቴው አንድ ቅጂ አግኝቶ ቢያነበው መልካም ነው።

ስርቆት ከተፈጸመ በኋላ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በኀፍረት ነው። ኮሚቴው እንጠየቃለን ብሎ ፈርቶ፣ ወይም በምሥጢር ፈልገን እናገኘዋለን ብሎ ሦስትና አራት ቀን ዝም ይላል፤ መስቀሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከክልል ክልል ይሻገራል። የተሰበረው በር ሳይነካ፣ ዱካው ሳይረገጥ፣ በዚያው ጠዋት ለፖሊስ፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለቤተ ክህነቱ ከነፎቶግራፉ ይነገር።

የደካሞች ቤት

በየሐምሌው ወጣቶች ተሰባስበው የአረጋውያንን ቤት ሲያድሱ እናያለን። በጎ ሥራ ነው፤ ጊዜው ግን ዘግይቷል። በሐምሌ የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፤ ጣሪያዋ ለእድሳት የተነሣባት አሮጊት እናትም ዕቃዋን ይዛ በዝናብ መካከል ትቀመጣለች። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ይህን ሥራ ወደ ሚያዝያና ግንቦት ቢያመጣው ያው ጉልበት እጥፍ ይሠራል። ካህናቱ የነፍስ ልጆቻቸውን ሲጎበኙ ወደ ላይም አየት ያድርጉ፤ ብቻዋን የምትኖር እናት ጣሪያዋ እንደሚያፈስ ለመናገር ታፍራለች፤ በአልጋዋ አጠገብ የተደቀነው ሳህን ግን ይናገራል። ለእንዲህ ያለ ቤት አራት ቆርቆሮ፣ አንድ ኪሎ ምስማር፣ ከውስጥ የሚዘጋ አንድ ጠንካራ መቀርቀሪያና የአንድ ቀን የቦይ ቁፋሮ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በገጠር ደግሞ የቤቱ ሀብት በጎተራ ውስጥ ነው፤ ጎተራው በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ክዳኑ ካልታደሰ ለዘር የተቀመጠው እህል ይሻግታል። ገበሬው በመኽር ሥራ ማሳ ሲውል ቤቱን የሚጠብቁት ሕፃናት ስለሆኑ የጎረቤት ዓይን ለእነርሱም ያስፈልጋል።

በመስከረም ዝናቡ ሲያቆም የመጀመሪያው ሐሳብ ለበዓል ቀለም መቀባት ይሆናል። ግድግዳው ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም እስከ ጥቅምት ይላጣል፤ ስለዚህ ቀለሙ ይቆይ። ያው የግንቦቱ ቡድን ያንኑ ደብተር ይዞ እንደገና ይዙር፤ ውኃ የገባበት ቦታ ሁሉ እርጥበቱ ሳይጠፋ በኖራ ምልክት ይደረግበት፤ በበጋ ቦታውን ለማግኘት ያስቸግራል። የእያንዳንዱ ጥገና ግምት ከምልክቱ አጠገብ በደብተሩ ይጻፍና ለአዲሱ ዓመት በጀት እንዲቀርብ ለሒሳብ ሹሙ ይሰጥ።